አንድ ካሜራ፣ አንድ ወንበር፦ ወልቂጤና ቡታጅራ ደርሼ ስመለስ

መንገዱን ከመጀመሬ በፊት ለምን እንደሄድኩ ልናገር፤ አለበለዚያ ሰው አገር የወንበር ፎቶ ስታነሳ የከረመች ሴት ምን ነክቷት ነው ትላላችሁ። እኔ የሠርግ ፎቶ አንሺ ነኝ፤ እንጀራዬ እሱ ነው። ለራሴ ብዬ የማነሳው ግን ሌላ ነው። ሰው ቤት ስገባ «ተቀመጪ» ተብሎ የሚሰጠኝን መቀመጫ አነሳለሁ፣ ገና ሳልቀመጥበት። ዱካ ይሆናል፣ የፕላስቲክ ወንበር ይሆናል፣ የአልጋ ጠርዝ ወይም የተገለበጠ ሳጥን ይሆናል። ባለቤቱ አቧራውን በእጁ ጠረግ ጠረግ አድርጎ፣ ነጠላ ወይም ቁራጭ አጎዛ ጣል አድርጎበት ዞር ሲል፣ እኔ በሩ ላይ ለሰላምታ ጎንበስ እንዳልኩ አነሳዋለሁ። ዓመታት ሠርቼበታለሁ።

ካሜራዬ ደግሞ አንድ አይደለም። ፒያሳ ከተዘጋ ፎቶ ቤት የገዛኋት የፊልም ካሜራ አለችኝ፣ የሠርጉ ዲጂታል አለ፣ መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልኬ አለ። ቤቱ ጠባብና ጨለም ያለ ከሆነ፣ ባለቤቲቱም ትልቅ ካሜራ ስታይ የምትደነግጥ ከሆነ ስልኬን አወጣለሁ። በረንዳ ላይ ደህና ብርሃን ካለ ፊልሟን። ወጥ የሚሠራ ሰው ለሁሉም አንድ ድስት አይጥድም።

ሥራዬን ያሳየሁት የኤግዚቢሽን አዘጋጅ ያልወደደው ይህንኑ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የሥዕልና የፎቶ አዳራሽ አለው፤ ስሙን ዳግም እንበለው። ፎቶዎቼን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ካየ በኋላ፣ «ሰናይት፣ ሥራሽ አንድነት የለውም» አለኝ። «አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ አሸዋ የተበተነበት። የሦስት ሰው ሥራ ነው የሚመስለው።» ከዚያ የራሱን ካሜራ ከመሳቢያ አወጣና አቀበለኝ። ካቻምና ጉራጌ ሄጄ ያነሳኋቸውን ቤቶች በዚህ ብቻ ደግሜ ካመጣሁለት ትልቁ ግድግዳ የኔ ነው፤ ካልሆነ ለሌላ ፎቶ አንሺ ይሰጠዋል። አርባን አልፌ በስሜ አንድ ግድግዳ ኖሮኝ አያውቅም። ደሜ ፈላ፤ ግድግዳውን ግን ፈለግኩት። ካሜራውን ተቀበልኩ፣ የራሴን ሦስቱንም ከቦርሳዬ ሥር ከተትኩ። ምን ቆርጦኝ ትቻቸው እሄዳለሁ።

ማክሰኞ

ከአየር ጤና በሚኒባስ ተነሳን። ገና ከመነሳታችን ከረዳቱ ጋር ተጣላሁ፤ የካሜራ ማቆሚያዬን አይቶ፣ «ይሄ ብረት ራሱን የቻለ ተሳፋሪ ነው፣ ጣሪያ ላይ ይውጣ» አለ። አይወጣም አልኩ። እግሬ መሃል አስገብቼው እስከ ወልቂጤ ጉልበቴን ሲወጋኝ ሄደ። ረዳቱ ወሊሶ ላይ ሳምቡሳ ገዝቶ አንዷን ለኔ ሰጠኝና ታረቅን። አዲስ አበባ ውስጥ ከረዳት ጋር የተጣላ ሰው እንደተጣላ ነው የሚወርደው።

ወልቂጤ ሞቃት ናት። ሹራቤን አውልቄ ባጃጅ ውስጥ ስገባ ልጁ፣ «የት ልውሰድሽ?» አላለም፤ «የማን እንግዳ ነሽ?» አለኝ። የእትዬ ወርቅነሽ አልኩት። አስተማሪዋ? አዎ። አበቃ፣ ወሰደኝ። እኔ ኮልፌ ተወልጄ አድጌ ዛሬም ቤቴን ለማስረዳት ባንኩን፣ ፋርማሲውን፣ የተቆረጠውን ዛፍ እጠራለሁ።

እትዬ ወርቅነሽ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ልጃቸውን ትዕግስትን በሠርግ ሥራ ነው የማውቃት፤ ዲኮር ትሠራለች፣ ከወልቂጤ እስከ ቡታጅራ ድንኳንና የሙሽራ ወንበር ታከራያለች። ካቻምና ያነሳኋቸው ቤቶች ሁሉ፣ ከአንዱ በስተቀር፣ የዘመዶቿ ቤቶች ናቸው። እራት ቀርቦ እትዬ ወርቅነሽ ጸሎት ጀመሩ። ጸሎታቸው ረጅም ነው፤ መንገዱን፣ ሾፌሩን፣ ቤተሰቡን አዳርሰው እኔ ላይ ሲደርሱ ክትፎው ቀዝቅዟል። አዲስ አበባ ምግብ ቤት ክትፎ በጣባ ቀርቦ አይንህ ሳይጠግብ ያልቃል፤ እዚህ ግን ቆጮው እየተጨመረ፣ አይቡ እየተጨመረ፣ «ምነው አልበላሽም» እየተባለ እጄን ማንሳት አልቻልኩም።

ለምን እንደመጣሁ ስነግራቸው እትዬ ወርቅነሽ አልገባቸውም።

«ምን ጎደለው ነው የሚለው ሰውየው?»

«አንድ ዓይነት አይደለም ነው የሚለው።»

«ቤቱ አንድ ዓይነት አይደለ፣ ሰዉ አንድ ዓይነት አይደለ። ከየት ይምጣለት?»

«እማዬ፣ ካሜራውን ነው» አለች ትዕግስት። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «አቦ፣ ሰውየው ትንሽ ልክ ነው ብል ትቆጪኛለሽ። እኔ አንዱን ጠረጴዛ ወርቃማ፣ አንዱን ብርማ ጨርቅ ባለብስ ሙሽራዋ ታለቅሳለች።»

«እኔ ዲኮር አልሠራም።»

«እሺ፣ አትቆጪ። ይስተካከላል» አለችኝ። የምታጽናናኝ መስሎኝ ተኛሁ።

ረቡዕ

ጠዋት ፊቴን ታጥቤ ወደ ሳሎን ስወጣ፣ ካቻምና ጥቁር አጎዛ የተነጠፈበት ዱካ በነበረበት ቦታ ቀይ የሙሽራ ወንበር ተገትሯል። ቀይ ከፋይ፣ ጠርዙ ሁሉ ወርቅ ቅብ፣ ጀርባው ከኔ ቁመት የሚበልጥ። «ለክብርሽ ነው» አሉኝ እትዬ ወርቅነሽ። እንግዳ የሰጡትን አይመልስም። የዳግምን ካሜራ በማቆሚያው ላይ ተክዬ አነሳሁት። ዱካው የት ገባ ብዬ ብጠይቅ፣ ጓዳ የሽንኩርት ቅርጫት ተቀምጦበታል።

ከሰዓት ጉብሬ፣ የትዕግስት አክስት ቤት። እኛ ዳቦ ለመግዛት ወዲያ ወዲህ ስንል ዘገየን። ትዕግስት በየደቂቃው ስልክ ታወራለች፣ እኔን ታያለች፣ ዞር ብላ ታወራለች። ደርሰን በሩ ላይ ጎንበስ ብዬ ሰላም ልል ስል፣ ቀዩ ወንበር ቀድሞኝ ደርሷል። ያው ከፋይ፣ ያው ወርቅ ቅብ። ካቻምና እዚህ ቤት የተቀመጥኩት ተከራይ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ትተውት በሄዱት ሰማያዊ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ነበር፤ አንድ እግሩ በሽቦ ታስሮ።

«እትዬ፣ ይሄ ወንበር የእርስዎ ነው?» አልኳቸው።

አክስትየው ትዕግስትን አየት አደረጉና፣ «ታዲያ የማን ይሆናል? ተቀመጪ እንጂ» አሉ። ትዕግስት መሬት መሬት ታያለች። ደጁ ላይ አንድ ባጃጅ የኋላ ሸራው ተገልቦ ቆሟል። ማን እንዳመጣው ለመገመት ሊቅ መሆን አያስፈልግም፣ ነገር ግን ትዕግስት የወንበሯን ማስታወቂያ በኔ ፎቶ ልትሠራ ነው ብዬ ነው የጠረጠርኩት። ቆሽቴ አረረ። በሰው ቤት መቆጣት ነውር ሆኖብኝ፣ በዳግም ካሜራ ያንኑ ወንበር አነሳሁና ጎመን በአይብ በላሁ። ጎመኑ ግን እንዴት ይጣፍጣል።

ሐሙስ

ወደ አረቅጥ ስንወጣ ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ትልቅ ነገር ታስሯል። እኔ ማቆሚያዬን አላስጭንም ብዬ አሁንም እግሬ መሃል ይዤዋለሁ። መንገዱ ሲጠማዘዝ ጣሪያው ላይ የሆነ ነገር ጓ ይላል፣ ትዕግስት ትሳቀቃለች። በግራ በቀኝ እንሰት ነው፣ ከዚያ ብርዱ ይመጣል። ከወልቂጤ ሙቀት ተነስቶ አረቅጥ መድረስ፣ ከኮልፌ ተነስቶ እንጦጦ ጫፍ ላይ ያለ ካፖርት መቆም ነው። ሹራቤን ወልቂጤ ረስቼዋለሁ። አጠገቤ የነበሩ አንድ ሴትዮ ሳልጠይቃቸው የጋቢያቸውን ግማሽ ትከሻዬ ላይ ጣሉልኝ፤ እየወረዱ እንኳ «ያዥው፣ ለወልዴ ትሰጪልኛለሽ» ብለው ትተውልኝ ሄዱ።

ወልዴ የትዕግስት አጎት ናቸው፣ እኛም የምንሄደው ወደ እሳቸው ነው። ቤታቸው ጀፎረው ዳር ላይ ነው፤ ጀፎረ በመንደሩ መሃል የሚያልፈው ሰፊው የሣር ሜዳ ነው፣ መንገድም ነው፣ ከብትም ይውልበታል፣ ሰውም ይሰበሰብበታል። የኛ ሰፈር ሰዎች ይህን ያህል ባዶ ቦታ ቢያዩ በማግስቱ አጥር ያጥሩበታል። በዚያ ሁሉ ሣር ላይ ሚኒባሱ ቆመ፣ ብርድ ልብሱ ተፈታ፣ ቀዩ ወንበርም በሁለት ሰው ተይዞ፣ ላም እያየው፣ ወደ ጋሽ ወልዴ ቤት ተጓዘ።

ከዚህ በላይ አልቻልኩም። ትዕግስትን እጇን ይዤ ወደ እንሰቱ ጥግ ወሰድኳት።

«ምንድነው ይሄ? በኔ ሥራ ዕቃሽን ልታስተዋውቂ ነው?»

አፏን ከፍታ አየችኝ። «እኔ? ሰናይት፣ ሰውየው አንድ ዓይነት ካልሆነ ግድግዳ አልሰጥም አላለሽም? ካሜራው አንድ ሆነ፤ ወንበሩ የተለያየ ከሆነ ደግሞ ሌላ ሰበብ ያመጣል ብዬ ነዋ። በየቤቱ አንድ ወንበር ካየ ምን ይላል? ወንበሩ ለቅዳሜ ቡታጅራ ሠርግ ተይዟል፤ በዚህ ብርድና ጭቃ ሳዞረው እንቅልፍ አጥቼ ነው ያደርኩት። ዘመዶቼንም ሁሉ አስዋሽቻለሁ።»

አንጀቴን በላችው። ለኔ ብላ ከሠርግ ወንበሯ ጋር አገር ስትዞር፣ እኔ ሌባ አድርጌ አስቤያታለሁ። አቀፍኳት፤ ከዚያም ቁጣዬ ተመልሶ መጣ፣ አሁን ግን በዳግም ላይ ነው።

ጋሽ ወልዴ ቤት ለትዕግስት ልፋት ስል ወንበሩን በዳግም ካሜራ አነሳሁት፤ ከዚያ ትኩስ የቡላ ገንፎ፣ መሃሉ ቅቤ ሞልቶ፣ ቀረበልን። ከበላን በኋላ ምድጃው አጠገብ ሆኜ የሁለቱን ቀን ፎቶዎች ከካሜራው ላይ አየሁ። ሦስት ቤት፣ አንድ ካሜራ፣ አንድ ወንበር። ቀለሙ ንጹሕ ነው፣ ጠርዙ እንደ ምላጭ ነው። ሁሉም ልክ ነው፤ አንዱም ግን እኔን አልተቀበለኝም። ማንም ያላጎነበሰለት፣ እኔም ያላጎነበስኩለት ወንበር ነው። ካሜራውን በማቆሚያ ላይ ተክዬ፣ ቀጥ ብዬ ቆሜ ነው ያነሳሁት።

ከዚያ ስልኬን ገለጥ ገለጥ ሳደርግ የማላውቀው ፎቶ አገኘሁ፤ የጉብሬው የፕላስቲክ ወንበር ነው፣ ጓሮ ተጥሎ። ከላይ ወደ ታች የተነሳ፣ መሃል ለመሃል። ወዲያው የኔ አይደለም አልኩ። ትዕግስት ናት፣ «የካቻምናው ደብዝዞብሽ እንዳይሆን ብዬ በስልክሽ አነሳሁልሽ» አለችኝ። ያው ስልክ ነው፣ ያው የተሰነጠቀ መስታወት ነው፣ ያው ወንበር ነው። የኔ ግን አይደለም። የኔዎቹ፣ ቢጫውም ሰማያዊውም፣ ሁሉም ከዝቅታ የታዩ ናቸው፤ ሁሉም ሰላምታ መሃል ናቸው። ዳግም ትክክል ነው ብዬ የፈራሁባቸው ሌሊቶች ነበሩ፤ ፊልሟ አሸዋ ትበትናለች፣ ስልኩ ሰማያዊ ያደርጋል፣ ይህን አልክድም። የሚያያይዛቸው ግን የኔ ወገብ እንጂ ካሜራው አይደለም። ይህን ለጋሽ ወልዴ ነገርኳቸው። «እና ሰውየው ወገብሽን አላየውማ» አሉኝና ገንፎ ጨመሩልኝ።

ዓርብ

ከአረቅጥ ቡታጅራ የሚያወርደው መንገድ ጭቃ ነበር። ወንበሩ ጣሪያ ላይ፣ እኛ ውስጥ፣ ሁለቴ ወርደን ገፋን። ለሠርጉ መድረስ ስላለበት እንጂ እኔማ እዚያው ጀፎረው ላይ ለላሞቹ ትቼው ብመጣ ደስ ባለኝ።

ቡታጅራ የማውቀው ቤት የእማማ ረሂማ ነው፤ የበርበሬ ነጋዴ ናቸው። ካቻምና አውቶቡስ ላይ አጠገባቸው ተቀምጬ፣ ዝናብ ሲመጣ፣ «በዚህ ዝናብ የት ትሄጃለሽ» ብለው ቤታቸው ወስደው ምሳ አበሉኝ። ስማቸውን የጠየቅኩት ከበላሁ በኋላ ነው። አዲስ አበባ አውቶቡስ ላይ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ምሳ ልጋብዝሽ ቢለኝ ቦርሳዬን ጠበቅ አድርጌ እይዛለሁ።

«አሰላሙ ዐለይኩም» ስላቸው፣ «ወዐለይኩሙ ሰላም፣ የጠፋሽው ልጄ» ብለው ሳሙኝ። ባላቸው ጁምዓ ሄደዋል። ትዕግስትና ሾፌሩ ወንበሩን ይዘው በበሩ ሲገቡ ግን የእማማ ረሂማ ፊት ተለወጠ።

«ይሄ ምንድነው?»

«የእንግዳዋ መቀመጫ ነው፣ እማማ» አለች ትዕግስት።

«እንግዳዋ የማን ናት?»

«የርስዎ።»

«የኔ ከሆነች የማስቀምጥበትን አጣሁ አልኩሽ? ሰው ቤት ወንበር ተሸክሞ የሚመጣ ወላሂ ዛሬ ገና አየሁ። ውጭ ይቀመጥ።»

ትዕግስት ጆሮዋ ድረስ ቀላች። ወንበሩ ግቢው ውስጥ ቀረ፤ ዶሮ ወጣችበት። እማማ ረሂማ ወደ ጓዳ ገብተው፣ ካቻምና ያስቀመጡኝን ዓይነት የበርበሬ ጆንያ እየጎተቱ አወጡ። ዳሰስ ዳሰስ አድርገው ጉብጠቱን አስተካከሉ፣ የራሳቸውን የታጠበ ሻሽ አጥፈው አነጠፉበት፣ ከዚያ ቀና ብለው «ኢንሻአላህ ዛሬ አያስነጥስሽም» አሉ።

በሩ ላይ ጎንበስ ብያለሁ። የዳግም ካሜራ አንገቴ ላይ ነው፤ ወደ ዓይኔ አነሳሁት፣ መልሼ አወረድኩት። ማንም አልመከረኝም። ቤቱ ጨለም ያለ ነው፣ ከጣሪያው ቀዳዳ ትንሽ ብርሃን ጆንያው ላይ ወድቋል፣ እሳቸውም እጃቸውን ከሻሹ ላይ ገና አላነሱም። ስልኬን አውጥቼ አነሳሁ። አስነጠሰኝ።

ወዲያው ዝናቡ ወረደ። «ወንበሩ!» አለች ትዕግስት። ቀድመው የሮጡት እማማ ረሂማ ናቸው። በጭቃው ላይ ተጋግዘን ወደ ቤት አስገባነው፤ እሳቸው የራሳቸውን ፎጣ አምጥተው ከፋዩን ይጠርጉታል፣ ከሰል አቀጣጥለው ጀርባውን ያሞቁታል። «የሰው ልጅ ሠርግ ነው፣ ወንበሩ ምን አጠፋ» ይላሉ። ቤቱን ሙሉውን ሞላው። እኛ ሦስታችንም ጆንያ ላይ ተደርድረን በልተን ስናበቃ፣ ያ ሁሉ ወርቅ ቅብ ማንም ሳይቀመጥበት ጉልበታችን ላይ ዘንበል ብሎ ደረቀ።

ቅዳሜ

ትዕግስት ለሠርጉ ቀረች፤ ስንለያይ፣ «አበላሸሁብሽ?» አለችኝ። ምንም አላበላሸሽም አልኳት፤ ከልቤ ነው። እኔ ብቻዬን ወደ አዲስ አበባ ተነሳሁ። ቡኢ ስንደርስ ጎማ ፈነዳ። ጎማ ጠጋኙ እስኪያበቃ ድረስ አንዲት ባለሱቅ ከሱቋ ወንበር አውጥታ አስቀመጠችኝ፣ ሻይ አመጣችልኝ፣ ሒሳብም አልቀበል አለች። እዚያው ስልኬ ጠራ፤ ዳግም ነው። ያለውን ላኪልኝ አለ። የቀዩን ወንበር ሦስት ፎቶዎች ከካሜራው ወደ ስልኬ አሸጋግሬ ላክሁለት። ሻዩ ሳያልቅ ደወለ።

«ሰናይት፣ አገኘሽው! አንድ ካሜራ፣ አንድ ወንበር፣ የተለያየ ቤት። ይሄ ነው አንድነት። የድሮዎቹን እርሺያቸው፣ ይሄንኑ ቀጥይ፣ ግድግዳው ያንቺ ነው።»

አልዋሽም፤ ልቤ ዘለለ። ግድግዳው የኔ ነው ተባልኩ። ስሜን በትልቁ ተጽፎ አየሁት፣ እናቴን ወስጄ ሳስጎበኛት አየሁ። ጎማው ተጠግኖ፣ ተሳፍረን፣ ዓለም ገና እስክንደርስ ድረስ አብሮኝ ነበር፤ ዓለም ገና ላይ ግን የእማማ ረሂማን ጆንያ የት ልሰቅለው ነው ብዬ አሰብኩ። በሱ ግድግዳ ላይ ለጆንያው ቦታ የለም። ለዱካውም የለም።

ሰኞ

ጠዋት አዲሶቹን አሳትሜ አዳራሹ ሄጄ ፎቶዎቼን በሙሉ ወለሉ ላይ ዘረጋኋቸው። የፊልሙን፣ የዲጂታሉን፣ የስልኩን፣ ጆንያውን። ሦስቱን ቀያዮችና የትዕግስትንም መሃል መሃላቸው አስገባሁ። ከዚያ፣ «የኔ ያልሆኑትን አውጣልኝ» አልኩት።

ዳግም ፈገግ ብሎ ጀመረ። ዞረ፣ ቁጢጥ አለ። ዓይን የለውም አልልም፤ አለው። መጀመሪያ የትዕግስትን አወጣ። ከዚያ እጁ ቀያዮቹ ላይ ሄዶ ቆመ። እኔን አየኝ፣ መልሶ አያቸው። ሦስቱንም አንስቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣቸው። ወለሉ ላይ የቀሩት ቢጫም ሰማያዊም አሸዋማም ነበሩ፤ ሁሉም ግን ወደ አንድ ቤት የሚያስገቡ ነበሩ።

«ገባኝ» አለ በመጨረሻ። «ግን ሰው የሚገዛውና የሚያወራለት ቀዩን ነው። ግድግዳው ላይ የሚሰቀለው ቀዩ ነው።»

«እንግዲያው ያው፣ ጠረጴዛህ ላይ ነው» አልኩት፤ ካሜራውንም አጠገቡ አስቀመጥኩለት። ጎንበስ ብዬ የኔዎቹን አንድ በአንድ ለቀምኩ። ብዙ ናቸው፤ ደረቴ ላይ ደርድሬ አገጬን ጫንኩባቸው።

«እና የት ልትሰቅያቸው ነው?» አለኝ።

«እሱን ለኔ ተወው። አሁን በሩን ክፈትልኝ፣ እጄ ሙሉ ነው።»

ተነስቶ ከፈተልኝ።